ዘር ሳይተካ

መቱ፣ የካቲት ፳፮ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ለታላቅ ወንድሜ ለአቶ ዳምጤ
አዲስ አበባ

ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የእትዬ ጥሩነሽንና የልጆቹን ደኅንነት እጠይቃለሁ። እኔ እንደሚያውቁኝ ነኝ። ጉንፋኑ ለቆኛል፤ የቀኝ ጉልበቴ ግን ዝናብ ሊመጣ ሲል ያመኛል፣ እዚህ አገር ደግሞ ዝናብ የማይመጣበት ሳምንት የለም።

ቴሌግራምዎ ከጎሬ በሾፌር እጅ ደርሶኛል። «አለቃዬ እየጠበቁ ነው፤ ሁለቱን ቡችሎች ፈጥነሽ በአውሮፕላን ላኪ» ይላል። ጋሼ፣ ቡችሎቹ አይመጡም። አልሞቱም፣ አልጠፉም፤ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። ምክንያቱ በቴሌግራም የሚነገር ስላልሆነ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ። እንደ ልማድዎ ከመሀሉ ዘለው፣ ፊርማዬን አይተው እንዳያጥፉት። እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። መከታን ያመጡልኝ እርስዎ ነዎት። ለአባታችን ሙት ዓመት የመጡ ጊዜ፣ ጎሬ ከሙሴ ያኒ ግቢ ተቀብለው፣ ዓይኑ ገና እንደተገለጠ በካፖርትዎ ውስጥ ይዘውት መጡ። ግሪኩ መጋዘኑን አስረክቦ ወደ አገሩ ሊሄድ ሲሰናዳ ነበርና ውሾቹን ለየወዳጁ ያከፋፍል ነበር። «አባባም አረፈ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን ነሽ፤ መከታ ይሁንሽ» ብለው ስሙንም ራስዎ አወጡለት። እኔም አሳደግሁት። አሁን ቢያዩት አያውቁትም። ደረቱ እንደ ወይፈን ሰፍቷል፣ ጠጉሩ የደረቀ የቡና ገለባ ይመስላል፣ ሲጮህ ከወንዝ ማዶ ይሰማል። ፎቶግራፉን ስልክልዎ ለአለቃዎ እንደሚያሳዩት ባውቅ ኖሮ አልክም ነበር።

ባለፈው ክረምት ጠባዩ ተለወጠ። ሴት ውሻ በሸተተው ቁጥር አጥር ይዘላል። አንዴ ከሶር ወንዝ ማዶ፣ ሌላ ጊዜ ከዳሪሙ መንገድ ገበሬዎች በገመድ ጎትተው አመጡልኝ። ጆሮው ተተልትሎ፣ እያነከሰ የገባበትም ቀን አለ። እሱ በሌለበት ጓሮ ያሰጣሁትን ቡና ሌባ ከነሰሌኑ ጠቅልሎ ሄደ። ይህ ሁሉ ይቻላል። ያልተቻለኝ ሌላው ነው። በመስከረም አንድ እብድ ውሻ ገበያ መሀል ሰው ነከሰና ከዚያ ወዲህ በየመንገዱ ለሚዞር ውሻ መርዝ ያለበት ሥጋ ይጣላል። የጎረቤቴ ውሻ አጥራችን ሥር አረፋ እየደፈቀች ስትሞት አይቻታለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መከታ በዘገየ ቁጥር እህል አይወርድልኝም።

ጅራታን አስጠራሁት። ያውቁታል፤ የዚህ አካባቢ ኮርማ ሁሉ የሚኮላሸው በእሱ እጅ ነው። መጥቶ ውሻውን አገላብጦ አየው።

«አደ ወለቴ» አለኝ፤ እዚህ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «ይኼ ሰሬ፣ ይኼ ውሻ፣ ካልተኮላሸ ቤት አይቀመጥሎትም። አንድ ቀን ያን ሥጋ ይበላና ሬሳውን ያመጡሎታል።»

«ከተኮላሸ ይቀመጣል?»

«ሴት ሳያውቅ ከሆነ አዎ። አንዴ ካወቀ በኋላ ቢኮላሽም ልማዱ አይለቀውም። ነገ ልምጣ?»

ነገ ና ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። የዚህ ቤት ነገር በእርስዎ ፈቃድ ነው። አጥር ሲታጠር፣ ዛፍ ሲቆረጥ፣ ሠራተኛ ሲቀጠር እርስዎን ሳልጠይቅ አድርጌ አላውቅም። ስለ ውሻውም ጻፍኩልዎ። ጣሪያው ያፈሳል ብዬ ከፋሲካ እስከ ጳጉሜን ስወተውት መልስ አላገኘሁም፤ ስለ ውሻው ግን በሚቀጥለው አውሮፕላን መልስዎ መጣልኝ።

የጻፉትን ረስተውት እንደሆነ ልገልብጥልዎ። «መከታ ዘሩን ሳይተካ እንዳይኮላሽ። እንዲህ ያለ ፍጥረት ዘር ሳይተካ ቢቀር ግፍ ነው። ጎሬ በሙሴ ያኒ መጋዘን አንዲት ሴት ውሻ ቀርታለች ይባላል፤ ከእሷ አስጠቂው። ከሚወለዱት ሁለት ወንድ መርጠሽ ለአለቃዬ ትልኪያለሽ። ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ ይኮላሽ።»

ይህን ያነበብኩት ወጥ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው። ግፍ የሚለው ቃል ጋ ስደርስ ቆም አልኩ። እኔ ሠላሳ ሰባት ዓመቴን ይዣለሁ። ከዚህ ቤት ቅዳሴ ሄጄ፣ ገበያ ሄጄ፣ ወደዚሁ ቤት እመለሳለሁ። በእኔ ነገር ግፍ የሚል ቃል ከእርስዎ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ለውሻው ግን ወጣ። ያን ጊዜ ገና ምንም አላወቅሁምና ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቄ ግን ደስ የሚል አልነበረም።

ጅራታ መልስዎን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «አቶ ዳምጤ እዚያ ሆነው የሚፈልጉት ቡችላ ነው። እርስዎ እዚህ ሆነው የሚፈልጉት ውሻው እንዲኖር ነው። የቱ ይሁን?» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነበር፤ መልሱ ግን ከበደኝ። የጎሬዋ ውሻ ጊዜዋ እስኪደርስ መጠበቅ ማለት መከታን በሰንሰለት ማሰር ማለት ነው። ላስረውም ሞከርኩ። አንገቱ ተላጠ፣ መሬቱን ቆፈረው፣ ሲያላዝን ውሎ ሲያላዝን ያድራል። አንድ ቀን ሰንሰለቱን ከነግንዱ ነቅሎ ወጣ። ሰፈሩን ሁሉ ስፈልግ ውዬ ከቄራው አጠገብ አገኘሁት። የሚያኝከውን አጥንት ከአፉ ነጠቅሁት። ያለምንም ጉዳት አለፈ። ያን ቀን ይኮላሽ ብዬ ቆርጬ ነበር።

በማግሥቱ ሐሳቤን ለወጥኩ፤ ምክንያቱ የእርስዎ ትእዛዝ ብቻ አልነበረም። ልዋሽዎ አልፈልግም። በዚህ ግቢ ትንሽ ነገር ሲንጫጫ፣ ሲላፋ፣ ጫማ ሲጎትት ማየት አማረኝ። አንዱን ለራሴ አስቀራለሁ ብዬ አሰብኩ። ለጎሬው መጋዘን ኃላፊ በሾፌር መልእክት ላክሁበት። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። በኅዳር መጨረሻ «ጊዜዋ ደርሷል፤ ውሻውን ይዘው ይምጡ» የሚል መልስ መጣልኝ።

በጭነት መኪና ሄድን። ሾፌሩ መጀመሪያ ውሻ አልጭንም ብሎ ነበር፤ ኋላ እኔን ከፊት አስቀምጦ መከታን በእግሮቼ መሀል አስገባልኝ። መንገዱን በሙሉ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነፋሱን ሲበላ ሄደ። ጎሬ ስንደርስ ከተማው በጉም ተሸፍኖ ነበር። ከመኪና ማቆሚያው ሽቅብ፣ በዚያ በቀይ ጭቃ እየተንሸራተትኩ ወጣሁ። የሙሴ ያኒ መጋዘን ቆርቆሮው ዝጓል፣ በሩ ግን ታድሷል። አንኳኳሁ። የከፈተልኝ አብደታ ነበር።

የትኛው አብደታ እንዳይሉኝ። እዚህ መቱ በሙሴ ያኒ ሱቅ ቡና ይመዝን የነበረው አብደታ። አባባ ግማሽ አካሉ ተመትቶ የተኛ ጊዜ፣ ዓይኑም ስለደከመ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ጋዜጣ ያነብለት የነበረው። እኔ ውኃ አቀርብለት ነበር። ከዚያ የበለጠ ነገር በመካከላችን አልነበረም፤ አንድ ቀን ብቻ ጋዜጣውን አጥፎ ሲነሣ «ሽማግሌ ብልክ ያሳፍሩኛል?» አለኝ። እኔም «አያፍሩም» አልኩት። ያ ነው የተባባልነው ሁሉ።

ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን እርስዎ በፈቃድ መጥተው እዚሁ ነበሩ። አባባ አልጋ ላይ ስለሆነ የቤቱ ራስ እርስዎ ነዎት። የሽማግሌዎቹ መሪ ኦቦ ጎንፋ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሁለት ሰዎች አስከትለው ከዳሪሙ ድረስ በእግራቸው መጡ። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ድምፅ ይሰማኛል፣ ቃል አይለይልኝም። ብዙም አልቆዩም። እርስዎ ወደ ወጥ ቤት ገብተው ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። «አይዞሽ፣ ወለቴ። ሰውየው ዳሪሙ ውስጥ አጭቷል። ሽማግሌዎቹ የመጡት ቀድሞ ለአባባ የሰጠው ቃል ካለ ይቅር በሉን ሊሉ ነው» አሉኝ። እኔም አመንኩ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜን ሳላምን ማንን ላምን?

ወደ ጎሬ ልመለስ። አብደታ ጠጉሩ ከጎንና ከጎኑ ሸብቷል። ሲያየኝ ደነገጠ፣ ኋላ ግን ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «እርስዎ መሆንዎን አላወቅሁም። ሾፌሩ የመቱዋ ባለ ውሻ ብቻ ነው ያለኝ» አለ። መከታን ወደ ጓሮ አስገባውና እኔን ወደ ቤት። ባለቤቱን ሽብሬ ይሏታል። ሳቋ ከእሷ ቀድሞ የሚገባ ሴት ናት። አያንቱ የምትባል የመጀመሪያ ልጃቸው እጅ አስታጠበችኝ፤ ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። አንጮቴ በቅቤ አቀረቡልኝ፣ ብርዝ ቀዱልኝ። ከጓሮ የውሾቹ ድምፅ ይሰማል፤ ሁላችንም ያልሰማን መስለን ስለ ቡናው ምርት እናወራለን።

ሽብሬ ስሜን ደግማ ጠየቀችኝ። ስነግራት እጇን ጭኗ ላይ መታች።

«እርስዎ ነዎት ለካ! የእኔን ባል በሽማግሌ ፊት ያሳፈሩት!»

«ሽብሬ፣ ተይ» አላት አብደታ።

«ምን አለበት? እግዜር ይስጥልኝ ነው የምላቸው። እሺ ቢሉት ኖሮ እኔ የት አገኘው ነበር?» ብላ ብርዙን ሞላችልኝ።

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ኋላ የአብደታን ፊት አየሁት፤ ቀልድ አልነበረም። ቀስ ብዬ «ያኔ ምን እንደተባላችሁ እንኳ በወጉ አላስታውሰውም። ምን ነበር ያሏችሁ?» አልኩት።

«ያለፈ ነገር ነው፤ ይተዉት።»

«ይንገሩኝ ግድ የለም።»

እጆቹን እያየ ነገረኝ። «አቶ ዳምጤ ናቸው ወጥተው ለሽማግሌዎቹ የነገሯቸው። ኦቦ ጎንፋ አሁንም በሕይወት አሉ። ‹እህቴን ጠይቄያት ነበር፤ ከወገኔ ውጭ ከሆነ ሰው፣ ያውም ከቡና መዛኝ ጋር፣ ጎጆ አልወጣም ብላለች። በደጃችንም እንዳያልፍ ንገሩልኝ ብላለች› አሏቸው። እንዳሉትም በደጃችሁ አላለፍኩም። ቤተ ክርስቲያን ሳገኝዎት አንገቴን ደፍቼ የማልፈው ለዚያ ነበር። ወዲያው ሙሴ ያኒን ለምኜ ወደዚህ ተዛወርኩ።»

እኔ ደግሞ አንገቱን ሲደፋ ባየሁ ቁጥር ቃሉን አጥፎ አፍሮ ነው እል ነበር።

አፌን ከፈትኩ። እንዲህ አላልኩም፣ ማንም አልጠየቀኝም ልል ነበር። ሽብሬ ፈገግ ብላ ታየኛለች። ልጅቱ ማስታጠቢያውን ይዛ ቆማለች። ያን ቃል ብናገር በዚያ ቤት ምን እንደሚተርፍ አሰብኩ። ሴትየዋ ምን አደረገችኝ? ቤቷ አስገብታ አበላችኝ እንጂ።

«የልጅነት ነገር ነው፣ አቶ አብደታ» አልኩት። «ይቅር ይበሉኝ።»

«ድሮ ይቅር ብያለሁ» አለኝ፤ ፊቱም ፈካ።

ያላልኩትን ቃል ይቅርታ ጠየቅሁበት። ይቅርም ተባልኩ።

ዳምጤ፣ ከዚህ በኋላ አንቱ ልልህ እጄ እምቢ አለኝ። ወረቀቱን ትቼ ተነሥቼ ውኃ ጠጥቼ መጣሁ፤ አሁንም እምቢ አለኝ። ታናሽህ ነኝ፣ ነውር መሆኑንም አውቃለሁ፤ ይሁን።

ያን ቀን ሳለቅስ ያጽናናኸኝ አንተ ነህ። ከጎኔ ተቀምጠህ «ከእሱ የሚሻል ይመጣልሻል» አልከኝ። ነጠላዬን አንሥተህ ፊቴን የጠረግኸው በገዛ እጅህ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መጥቶ ነበር፤ ታስታውሳለህ። ሁለቱንም የመለስኩት እኔ ራሴ ነኝ። ቃሉን ያከበረ የመሰለኝ ሰው እንዲያ ካደረገኝ ሌላው ምን ያደርገኛል ብዬ ነው። አንተም «እንደፈለግሽ፣ አላስገድድሽም» አልከኝ። እንዲህ ያለ ወንድም ስለሰጠኝ እግዚአብሔርን አመስግኜበታለሁ።

ለምን እንዳደረግኸው አጥቼው አይደለም። አባባን የሚያገላብጥ፣ የሚያጥብ፣ የሚያጎርስ ሰው ያስፈልግ ነበር። አንተ አዲስ አበባ ሥራ ይዘሃል፣ ጥሩነሽን ልታገባ ቀን ቆርጠሃል። ቡናውን የሚለቅም፣ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው መገኘት ነበረበት። የአብደታም ወገን አላማረህም፤ ይህንንም አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። በሩን ዘግተህ «እህቴ፣ አባባ እስኪያርፍ ድረስ አትሂጂብኝ» ብለህ ብትለምነኝ እቆይልህ ነበር። እያለቀስኩም ቢሆን እቆይ ነበር። አብደታንም እንዲጠብቀኝ ራሴ እጠይቀው ነበር፤ ቢጠብቅ በጠበቀ፣ ባይጠብቅ ደግሞ የገዛ ቃሌ፣ የገዛ ዕድሌ ይሆን ነበር። አንተ ግን ለመለመን ኮራህ። በእኔ አፍ ሰው ሰደብክ። ያ ሰው በዚያ ስድብ ይህን ሁሉ ዓመት ሲያስበኝ ኖረ።

አሁን ደግሞ ስለ ውሻው። መከታን ጎሬ ትቼው ተመለስኩ፤ ውሾቹ ጥቂት ቀን አብረው ይቆዩ ብሎ አብደታ ስለመከረኝ። መልሶ በመኪና ላከልኝ። ሲመለስ ከስቶ፣ ግን ደስ ብሎት ነበር። ወዲያው ጅራታ ገመዱንና ቢላዋውን ይዞ መጣ። አንዱን ጫፍ እንድይዝለት ሰጠኝና፣

«ማል ጎና፣ አደ ወለቴ? ምን እናድርግ? እርስዎ ይኮላሽ ካሉ ይኮላሻል፣ ተወው ካሉ እሄዳለሁ» አለኝ።

ልተወው አሰብኩ፤ አንተን ለማናደድ ብቻ። ደግሞም ለራሴ አዝኜ እሱን ልምረው ቃጣኝ። ከዚያ መከታን አየሁት። ውሻ ነው። ስለ እኔ የሚያውቀው ነገር የለም፣ የእኔም ነገር ከእሱ ጋር አይገናኝም። ብተወው ዛሬ ወይ ነገ አጥር ዘሎ ያን ሥጋ ይበላል። በእኔ ምሬት የሱ ነፍስ ለምን ይጥፋ?

«ይኮላሽ» አልኩ። በዚህ ቤት ማንንም ሳልጠይቅ የወሰንኩት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው።

አፉን በጨርቅ አሰርነው፣ እግሮቹን በገመድ፤ ጭንቅላቱን እኔ ጭኔ ላይ ያዝኩት። ጅራታ እጁ ቀልጣፋ ነው፣ ቶሎ ጨረሰ፤ አመድና ቅቤ ቀባው። ለጥቂት ቀን ከአልጋው ሥር አልወጣም፣ እኔንም ሲያየኝ ፊቱን ያዞር ነበር። አሁን ድኗል። ይበላል፣ በሩ ላይ ይተኛል። አንዳንድ ቀን እስከ ሶር ድልድይ ይሄድና ይመለሳል፤ ጅራታ ልማድ ነው ብሎኝ የለ። ከዚያ በላይ ግን አይርቅም።

ቡችሎቹ በጥር ተወለዱ፤ ስድስት ናቸው፣ አራቱ ወንድ። የወንዱ ባለቤት ቀድሞ የመምረጥ መብት አለውና ሽብሬ መጥቼ እንድመርጥ ላከችብኝ። አልሄድኩም። ዳግመኛ እዚያ ቤት ተቀምጬ፣ ዳግመኛ ፈገግ ማለት አልቻልኩም። የእኔን ድርሻ ልጆቿ ያሳድጉት፣ ማሳደግ ያልቻለቻቸውንም ለፈለገችው ትስጥ ብዬ ላክሁላት። ለራሴ አስቀራለሁ ያልኩትንም ተውኩት። አንድ ብቻ፣ ከሁሉ የበረታውን ወንድ፣ ዳሪሙ ለኦቦ ጎንፋ እንዲያደርሱልኝ ለመንኩ። ሽማግሌው በዚያ እርጅናቸው ከዚህ ደጅ አፍረው ተመልሰዋል። ውሻ ካሳ እንደማይሆናቸው አውቃለሁ፤ የእኔ አቅም ግን ይኸው ነው። ለአለቃህ ሌላ ውሻ ፈልግለት። ከእህትህ ግቢ ምንም እንዳልተገኘ ንገረው፤ ይህ ውሸት አይሆንም።

በክረምቱ ከልጆቹ ጋር እመጣለሁ ብለህ ነበር። ና። ቤቱ የአባታችን ነው፣ በር አልዘጋብህም። አልጋህን አነጥፋለሁ፣ የምትወደውን አቀርብልሃለሁ፣ ልጆቹን እስማለሁ። በልጆቹ ፊት ይህን ነገር አላነሣም፤ ለጥሩነሽም አልነግርም። ብቻ እኔና አንተ ለብቻችን እንዳንቀር ተጠንቀቅ፤ ምን እንደምልህ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። አብደታ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ለአባባ ያነብለት ነበር ብያለሁ። አባባ ቀኑን ቆጥሮ ይጠብቀው ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ጢሜን አስተካክይልኝ ይለኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከተመለሱ በኋላ አብደታ ቀረ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አባባ ጢሜን አስተካክይልኝ አላለኝም። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ፣ አእምሮው ሳይጎድል፣ ምላሱ ሳይታሰር፣ ያ ልጅ ምነው ቀረ ብሎ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም። እኔ የኔን ኀዘን እንዳይቀሰቅስብኝ አዝኖልኝ ነው እል ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ሁለታችሁ በር ዘግታችሁ ረጅም ሰዓት ተቀምጣችሁ ነበር።

አባባ ያውቅ ነበር ወይ?

አንተን አንድ ጊዜ አምኜሃለሁ፤ ለዚህም እንደገና አምንሃለሁ፣ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ካላወቀ አንድ መስመር ጻፍልኝ፤ አላወቀም በለኝ፣ ሌላ ነገር አትጨምርበት። ካወቀ ግን አትጻፍልኝ። አሥራ አንድ ዓመት ያጠብኩት፣ ያጎረስኩት፣ ዓይኑን የከደንኩት ሰው ነው። ዝም ካልክ ይገባኛል።

ልጆችህን እግዚአብሔር ያሳድግልህ፤ ወልደው የልጅ ልጅ ለመሳም ያብቃህ። ይህን የምልህ ከልቤ ነው፣ ልጆቹ ምንም አላደረጉም። ለጥሩነሽ ሰላምታዬን ንገራት።

እህትህ
ወለተ ማርያም